የደወሉ አራተኛ ቀዳዳ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለስንዱ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔን ካልሽ፣ ከወገቤና ከሆዴ በስተቀር ሌላው ደህና ነው። ወገቤን ያመመኝ ትራፓኖው ላይ ጎንበስ ብዬ ብረት ስሰረስር መዋሌ ነው፤ ሆዴን ያመመኝ ደግሞ ደብዳቤሽ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ የትራፓኖውን ቺንጋ ቀይሬዋለሁ፤ አሁን አይንሸራተትም። ሁለተኛ፣ "ቡሬ እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ለምን አትመጣም" ብለሽኛል። ለእኔ አንድ ሰዓት ከሆነ ላንቺም አንድ ሰዓት ነው። ጥምቀትን ብቻዬን ዋልሁ። ታቦት ስንሸኝ ጎረቤታችን ዓባይነሽ "ስንዱስ?" አለችኝ። "ትምህርት ላይ ናት" አልኋት። "በጥምቀት ትምህርት አለ እንዴ?" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር።

ይኸው ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ረዳት፣ ክንዱ፣ በከተራ ዕለት ቡሬ ላይ አየኋት አለኝ። አስተማሪሽ ሎሚ ይዞ ከጎንሽ ይሄድ ነበር አለኝ። ሰው ሎሚ ይገዛል። በጥምቀት ሎሚ ለምን እንደሚገዛ ግን ያገሬ ሰው ነኝና አውቃለሁ።

ስለ ሰውዬው ሌላ አልናገርም። ብቻ ባለፈው ደብዳቤሽ "መምህር ገነነ" የሚለውን ስም ሰባት ጊዜ ጽፈሽዋል፤ ቆጥሬዋለሁ። የእኔ ስም ያለው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ፖስታው ላይ ነው።

የላክሽው የፍጥነት ሠንጠረዥም ደርሶኛል። ለላሜራ ይህን ያህል ዙር፣ ለአሉሚኒየም ይህን ያህል፣ ለባሌስትራ ይህን ያህል፣ እጅም እንዲህ ይግፋ ይላል። እግዜር ይስጥልኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የአይሱዙ ባሌስትራ እየሰረሰርሁ ለገበሬው ማረሻ ሳበጅ የኖርሁት ሰው ዛሬ ከወረቀት ልማር ነው። እኔ ብረትን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ሲያፏጭ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ፤ ዝም ሲለኝ እጄን ጫን አደርጋለሁ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ላንቺ ማለቴ አይዶለም።

ወረቀቱን አልጣልሁትም፤ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጬበታለሁ። በጥቅምት ለብረት ሥራ ትምህርት ስትሄጂ ሻንጣሽን አውቶቡስ ላይ የጫንሁት እኔው ነኝና ማንንም አልወቅስም።

ገደፋው


ቡሬ፣ ጥር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ገዴ፣

በሰላምታ ልጀምር ብል ሳቄ ቀደመኝ። ደህና ነኝ።

ሎሚው ለመምህር ገነነ ሚስት ነው። አራስ ናት፤ ክፍሉ በሙሉ ልንጠይቃት ስንሄድ ሎሚ አምጡልኝ ብላ ነው። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበርን። ክንዱ ሎሚውን አይቶ አሥሩን ወንዶች ካላየ፣ ዓይኑን ሐኪም ይይለት።

ለምን በጥምቀት አልመጣሽም ላልኸኝ እውነቱን ልንገርህ። እዚህ ያለው ትራፓኖ አንድ ነው። በትምህርት ቀን አሥሩ ወንዶች ከበው ይይዙታል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። በዓል ሲሆን ግን ባዶ ይሆናል። መምህሩ ቁልፉን ይሰጠኝና ብቻዬን እሠራለሁ። ጥምቀትን የዋልሁት ብረት ስበሳ ነው። ለዓባይነሽ እንዲህ ብለህ ንገራት፤ ታምንሃለች፣ ታውቀኛለች።

አንተ ይህን ስታነብ ከሎሚው የበለጠ እንደሚከፋህ አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፍሁት።

ብርጭቆውን ከወረቀቱ ላይ አንሳው። ሠንጠረዡን ማን እንዳወጣው ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አልጠየቅህም።

ስንዱ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለስንዱ፣

ሁዳዴን እንዴት ያዝሽው? ለእኔ ጾሙ ሳይሆን ወሬው ነው የከበደኝ።

ስለ ደወሉ የሰማሽው እውነት ነው። ከማንኩሳ ወንዝ ማዶ ያለው የጊዮርጊስ ደወል ማንጠልጠያው ተበጥሶ ወደቀ። አለቃ ወልደ ሥላሴና የሰበካው ሊቀመንበር አቶ አድማሴ በጋሪ ጭነው ሱቄ ድረስ አመጡት። ደወሉስ ደህና ነው። አናቱ ላይ አራት ቀዳዳ ሰርስሬ የብረት ማንጠልጠያ በቡሎን ላስርለት ነው። ያላቸው ደወል ይኸው አንድ ነው፤ ለሚያዝያ 23፣ ለጊዮርጊስ ንግሥ፣ መሰቀል አለበት።

የጠየቅሽኝን መለስሁልሽ። አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አለቃ ደወሉን ካወረድን በኋላ ምን አሉ መሰለሽ? "ልጄ ገደፋው፣ ስንዱ መጥታ ብታየው አይሻልም?" ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ሁሉም እኔን ያያል። "ይሻላል አባቴ" አልሁና ውኃ ጠጣሁ። ሁለተኛ ደግሞ፣ እኔ የመሰርሰሪያ ፑንታዬን ሞራ እንደምቀባው ያውቃሉና፣ "በሁዳዴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሞራ አይንካው" አሉኝ። ይህንስ ልክ ናቸው፤ በኑግ ዘይት አደርገዋለሁ።

የአስተማሪሽ ወረቀት ስለ ደወል ምን ይላል? የምጠይቅሽ ጠፍቶኝ አይዶለም። አለቃ "ጠይቃት" ስላሉኝ ነው።

ገደፋው


ቡሬ፣ የካቲት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ገዴ፣

ጠይቃት ያሉህን አለቃን እግዜር ያክብርልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ስለ ደወሉ ሳስብ ነው የሰነበትሁት።

የደወል ነሐስ እንደሌላው ነሐስ አይደለም። ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ፑንታህን ለብረት እንደምትስለው አድርገህ አትሳለው። የስለቱን ጫፍ በሞረድ ጠፍጠፍ አድርገው፤ ነሐሱን እንዲፍቀው እንጂ እንዳይቆፍረው። ስለታም ከሆነ፣ ቀዳዳው ሊወጣ ሲል ነሐሱ ፑንታውን ይነጥቀዋል። አንዴ ከነጠቀው እጅህ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ቺንጋውን ወደ ዝግተኛው ፑሌጃ፣ ወደ ትልቁ መዘውር፣ አውርደው፤ ከሦስት መቶ ዙር አይለፍ። ሞራም ኑግም አያስፈልገውም፣ በደረቁ ሰርስረው። ከሥሩ እንጨት ደግፍለት። ሊወጣ ሲል ደግሞ እጅህን አቅልለው። አንተ እጅህን ማቅለል አትወድም፤ ስለዚህ ነው ደግሜ የምጽፍልህ። እጅህን አቅልለው።

ለመምህር ገነነም አሳየሁት፤ ትክክል ነው አለኝ።

መጋቢት 10 ሁለት ቀን ዕረፍት አለኝ። እስክመጣ ብትቆየኝ ደስ ይለኛል። ደወል ሲሰረሰር አይቼ አላውቅም።

ስንዱ


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 7 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለስንዱ፣

እንደምን ሰነበትሽ። እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። የበልጉ ዝናብ ቀደም ብሎ መጥቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። የዓባይነሽ ላም ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው። የሱቁ ጣራ አንድ ቦታ ያፈስ ነበር፣ ደፍኜዋለሁ።

ደወሉ ተሰርስሯል። መጋቢት 10 እመጣለሁ ያልሽውን ተይው፤ መንገዱ መጥፎ ነው፤ ትምህርትሽም ይበልጣል። እኔም ሥራ ስለሚበዛብኝ ቤት አልገኝም።

ስለ ፑንታው አሳሳል ለጻፍሽልኝ፣ እንደሚሳል አድርጌ ነው የሳልሁት።

ገደፋው


ቡሬ፣ መጋቢት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለገደፋው፣

ክንዱ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ፊቴን ማየት አቃተው። ምን ሆነሃል አልሁት። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ በኋላ ነገረኝ። ደወሉ ተሰንጥቋል። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚወራው ደግሞ "የስንዱ ቁጥር ነው የሰነጠቀው" ነው።

አንተ የላም ወሬ ጻፍህልኝ።

ወሬው እዚህም ደርሷል። ትናንት አንዱ ተማሪ ትራፓኖው ላይ ስቆም "ደወል ሰንጣቂዋ መጣች" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። መምህር ገነነ አልሳቀም፤ ደብተሬን ተቀብሎ ለደወሉ የሰጠሁህን ቁጥር አንድ በአንድ አየ። ስህተት አላገኘበትም። ግን "የተበላሸውን ሥራ ሳላይ የማንንም ቃል አልወስድም" አለኝ። በሰኔ የምንፈተነው በእሱ ፊት ነው። እሱ ካላመነኝ ከዚያ ወዲያ ብረት የሚያሠራኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም።

እንግዲህ ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ብርጭቆ ያስቀመጥህበት ሠንጠረዥ የመምህር ገነነ አይደለም። እሱ ሰሌዳ ላይ የጻፈልን ስለ ብረት፣ ስለ አሉሚኒየምና ስለ ነሐስ ነው። የአይሱዙ ባሌስትራ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የወይራ እጀታ የለም፤ የቀንድ ዋንጫም የለም። እነዚያን ከአንተ ነው የወሰድኋቸው። ስትሰረስር ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ አቡነ ዘበሰማያት ትላለህ። አንተ አታውቀውም። ለአሥር ሚሊ ላሜራ አንድ ጊዜ ትደግመዋለህ፤ ለባሌስትራ ሁለት ጊዜ ተኩል። ስምንት ዓመት አጠገብህ ቆሜ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ መጥቼ በሰዓት ለካሁትና ወደ ቁጥር ቀየርሁት። ከመጽሐፉ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ኢምንት ነው። መምህሩ "ይህን ማን አስተማረሽ?" ሲለኝ "ባሌ" አልሁት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ለደወሉ የነገርሁህን ተከትለህ ከሆነ የተሰነጠቀው ንገረኝ፣ ጥፋቴን ልወቅ። ካልተከተልህም ንገረኝ። ስንጥቁ ምን ያህል ይረዝማል? እስከ ደወሉ ከንፈር፣ እስከ ታችኛው ጠርዙ፣ ደርሷል?

ስንዱ


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ስንዱዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀመጥሁ። ሰላምታውን ለበኋላ ይቆይልኝ።

ስንጥቁ ከአራተኛው ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ታች አንድ ስንዝር ይሆናል። ከንፈሩ አልደረሰም፤ አራት ጣት ይቀረዋል።

አልተከተልሁሽም። ደብዳቤሽን እስከ "እጅህን አቅልለው" ድረስ አንብቤ ሞረዴን አንስቼ ነበር። ቀጥሎ "ለመምህር ገነነም አሳየሁት" የሚለው መጣ። ሞረዱን መለስሁት። ፑንታውን ለብረት እንደምስለው ሳልሁት፤ ቺንጋውን መካከለኛው ፑሌጃ ላይ ተውሁት፤ ኑግ አፈሰስሁበት። ሦስቱ ቀዳዳዎች አምረው ወጡ። ለብቻዬ ሳቅሁ። አራተኛው ሊወጣ ሲል ነጠቀው። ጠቅ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለውም።

አለቃና አቶ አድማሴ በማግሥቱ መጡ። አለቃ "ምን ሆነ ልጄ?" አሉኝ። ልቤ ሌላ ሊል ነበር፤ አፌ ግን "ስንዱ የላከችውን ቁጥር ነው የተከተልሁት" አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብዬ ነበር፤ ግን ሰዎቹ አዘኑልኝ። ሲያዝኑልኝ ደስ አለኝ። እግዜር ያውቃል፣ ደስ አለኝ።

በገነነ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። ባል በወንድ ቢቀና ሰው ይረዳዋልና እሱን ይዤ ቆየሁ። የቀናሁት ግን በእጅሽ ነው። አምና የአቶ አድማሴን የወፍጮ ፑሌጃ ስትሰረስሪ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። አራቱም ቀዳዳ ትክክል ገጠመ። ሰውዬው አመሰገነሽ። እኔ ፑንታ ልፈልግ ብዬ ወጣሁ። የወጣሁት ፑንታ ልፈልግ አይዶለም። የሱቁ ጀርባ ሄጄ እንደ ሕፃን አኩርፌ ቆሜ ነበር።

አቡነ ዘበሰማያት እንደምል አላውቅም ነበር። ትናንት ላሜራ ስሰረስር ከንፈሬን በእጄ ያዝሁት፤ እውነትሽን ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የማላውቀውን የራሴን ነገር አንቺ ስላወቅሽው ግን ደግሞ ተናደድሁ። እንግዲህ ይህን ያህል ነው በሽታዬ።

የተሰነጠቀ ነሐስ የሚድንበት ነገር አለ ይባላል፤ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። እባክሽ ነይና እናድነው። አለቃ ሳያውቁ አንድ ሰኞ ሱቁን እንዘጋና እንሠራዋለን። ደወሉ ከዳነ ወሬውም ይሞታል።

ገደፋው


ቡሬ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለገደፋው፣

እንኳን አደረሰህ። ፋሲካን ከአከራዬ ጋር ገደፍሁ። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ አልወረደልኝም እንጂ።

አዎ፣ መላ አለው። ስንጥቅ የሚሄደው ጫፉ ስለት ስለሆነ ነው። ልክ ጫፉ ላይ በቀጭን ፑንታ ክብ ቀዳዳ ከተበሳ መሄጃ ያጣል፤ እዚያው ይቆማል። ድምፁ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ግን ደወል ሆኖ ይኖራል። ሳይበሳ ለጊዮርጊስ ከደወሉት ግን ስንጥቁ ከንፈሩ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እኔም ማንም አናድነውም።

እሠራዋለሁ። በስውር ግን አልሠራውም። በስውር ከሠራሁት የሰነጠቅሁትም እኔ እሆናለሁ።

አለቃ ዘንድ ሂድና ሰው ባለበት ንገራቸው። የዋሸኸው ሰው ባለበት ነው። ካልነገርህ አልመጣም፤ የማልመጣው ለደወሉ ብቻ አይምሰልህ። ሻንጣዬን የጫንህልኝ አንተ ነህ ብለሃል። እንደጫንኸው ይቀራል።

ተናድጄ ስጽፍ ጽሕፈቴ ይከፋል፤ ማንበብ ካስቸገረህ ይቅርታ።

ስንዱ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ስንዱዬ፣

ነግሬያቸዋለሁ። ተናገርህ ወይ ብለሽ በክንዱ ልከሽ ከምትጠይቂኝ ብዬ ነው ከሰላምታ በፊት የጻፍሁት።

በዳግማይ ትንሣኤ ማንኩሳ ድረስ ሄድሁ። ቅዳሴ እንዳበቃ ሕዝቡ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ሳለ ተነሣሁ። "ስንዱ ትክክለኛውን ጽፋልኝ ነበር። እኔ በቅናት እንቢ ብዬ ነው የሰነጠቅሁት። ከዚያም በእሷ አላከክሁት" አልሁ። ከዚህ የሚረዝም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሳቁ ይሻል ነበር።

አለቃ "ደወሉን በእጅህ ሰነጠቅኸው፤ እሱን እኛ ይቅር እንልሃለን። ሚስትህን በአፍህ ሰነጠቅሃት፤ እሱን ግን እኛ ይቅር ልንልህ አንችልም" አሉኝ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ "ሴት የጊዮርጊስን ደወል ልትበሳ ነው ወይ?" ብሎ ተነሣ። አለቃ "ደወሉ የሚጠራው ወንዱን ብቻ ነው እንዴ?" አሉት፤ ተቀመጠ። ላክባት፣ ትምጣልን ብለውኛል። ለመምህር ገነነም በቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም የጻፉት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። አንብቤዋለሁ፤ ስለ እኔ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ስትሠሪ ደወሉን እኔ ልያዝልሽ። እንዳይንቀሳቀስ አጥብቄ እይዘዋለሁ። ይህን ብቻ አትከልክዪኝ።

ገደፋው


ቡሬ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ገዴ፣

የአለቃን ደብዳቤ ለመምህሩ ሰጠሁት። አነበበና ለክፍሉ ጮክ ብሎ ደገመው። ሥራውን ደግሞ ስመለስ ይጠይቀኛል። ላንተ ከባድ እንደነበረ አውቃለሁ። ለእኔም ከባድ ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 18 በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አለቃና አቶ አድማሴ ደወሉን ይዘው ሱቅ ይጠብቁኝ። ሦስት ሚሊ ፑንታ አለኝ፤ ስለቱን እዚሁ ጠፍጥፌዋለሁ።

ልያዝልሽ ላልኸኝ መልሴ እንቢ ነው። ደወሉን አቶ አድማሴ ይይዝልኛል። አንተ ሱቁን ክፈትልኝና ውጣ። እየቀጣሁህ አይደለም። ከኋላዬ ስትቆም እጄ ይከብደኛል፤ ይህ ቀዳዳ ደግሞ የከበደ እጅ አይችልም። ያኔ የወፍጮውን ፑሌጃ ስሠራም እንደቆምህ አውቅ ነበር። ስትወጣም አይቻለሁ። ፑንታው ፊት ለፊትህ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ስጨርስ በከሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ፤ ማክሰኞ ትምህርት አለኝ።

ስንዱ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ስንዱዬ፣

በሰላም መግባትሽን ክንዱ ነገረኝ። ያቆየሁት ሰላምታ ነበረኝ፤ ይኸው፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስሠራ ምን አደረግህ ብለሽ በክንዱ ለላክሽብኝ፣ እንዳልሽው ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። ማየት ስለማልችል አዳመጥሁ። ዝግተኛው ፑሌጃ ላይ እንደሆንሽ ገና ሲጀምር አወቅሁ። ከዚያ ሊወጣ ሲል ድምፁ ይለወጣል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ስሠራ ሁልጊዜ ይለወጣል። አልተለወጠም። ማለቁን ያወቅሁት ማሽኑን ስታጠፊው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌ አውጥቼ አላውቅም። ሻዬን ሳልጠጣ ተነሣሁ።

ትናንት ለንግሥ ማንኩሳ ሄጄ ነበር። ደወሉ ተደወለ። ትንሽ ሻከር ብሏል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፅ ነው። ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። አለቃ ስንጥቁን በጣታቸው ዳብሰው እዚያው መቆሙን ለሕዝቡ አሳዩ። ሴቶቹ ስምሽን ጠርተው እልል አሉ። ከዚያም አለቃ ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው ብለው ሰበኩ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ግን አየኝ።

ስምሽ ሲጠራ ቀናሁ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ብቻ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ ገነነ ነው ብዬ አላሳብብም።

ለሱቁ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጬልሻለሁ፤ ክንዱ ይዞልሻል። ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመጪ አታንኳኪ። እኔ ውስጥ ብሆን፣ ሥራ ይዤም ብሆን፣ ውጣ በይኝ። እወጣለሁ።

ገደፋው